የጥቁር ጓንት የመጨረሻ ገጽ

ጉዳዩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ስምንት ፍራንክ ነው። የባቡሩን አልቆጥርም፤ ከዙሪክ ጄኔቭ የወረድኩት ለሁለት ምግብ ቤቶች በርበሬና ሽሮ ላስረክብ ስለነበር ቲኬቱ የሱቁ ወጪ ነው። ጊዜዬንም አልቆጥርም፤ የባለሱቅ ጊዜ ዋጋ የሚኖረው ከባንኮኒው ጀርባ ሲቆም ብቻ ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ ባንኮኒውን ለባለቤቴ ትቼላት ነበር። ስለዚህ ስምንት ፍራንክ፣ በጥሬው፣ ያለ ደረሰኝ።

ዕቃውን አስረክቤ ባቡሬ እስኪነሳ ጊዜ ስለነበረኝ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያው ጎራ አልኩ። ጄኔቭ የኖረ ሰው ያንን ሜዳ ያውቀዋል፤ ቀይ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሞተ ሰው ቤት ተገልብጦ የሚሰጣበት፣ ማንኪያው፣ መነጽሩ፣ የሠርግ ፎቶው፣ አንድ እግር የጎደለው ወንበር ሳይቀር። አንድ የሙዝ ካርቶን ላይ ጎንበስ ስል ሽታው መጣ። የምድር ቤት እርጥበት የጠጣ ርካሽ ወረቀት ሽታ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ የደረቀ ሙጫ፣ ትንሽ ጣፈጥ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፤ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀውና እጄ ካርቶኑ ውስጥ ገባ። እዚያው ነበረች። ኪስ የምትበቃ፣ በጥቁርና ነጭ የታተመች የወንጀል ኮሚክ፣ በሥዕል የተተረከች መጽሐፍ፤ ሽፋኗ ላይ ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ የሆቴል ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ በጥቁር ጓንቱ የጌጥ ሣጥን ታቅፏል፣ ከበስተኋላው ሐይቅና ጨረቃ። መጨረሻዋን መግለጥ አላስፈለገኝም፣ ግን ገለጥኩ። የመጨረሻዋ ገጽ የታተመች አይደለችም። በሰማያዊ እስክሪብቶ በእጅ የተሳለች፣ በሙጫ የተለጠፈች ናት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ ተሰነጣጥቋል።

ደነገጥኩ። ነጋዴ ግን ድንጋጤውን ሻጭ ፊት አያወጣም። ኮሚኳን እንደ ቆሻሻ መልሼ ጣልኩና አጠገቧ የነበረ የመዳብ ድስት ዋጋ ጠየቅሁ፣ ሲነግረኝም ተቆጣሁ። የግድግዳ ሰዓት አንስቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ልሄድ ዞር ካልኩ በኋላ ነው፣ እንደ ዋዛ፣ «ይቺስ ለልጅ መጫወቻ ስንት ናት?» ያልኩት። አሥራ ሁለት አለ፤ በስምንት ተስማማን። ሰውዬው ያሸነፈኝ መስሎት ፈገግ አለ፣ እኔም ያሸነፍኩት መስሎኝ ፈገግ አልኩ፣ ፈገግታውም ጣቢያ እስክደርስ ድረስ ፊቴ ላይ ተረስቶ ቆየ። ከዚያ ባቡሩ ተነሳ፣ ሐይቁ በመስኮት መጣ፣ ኮሚኳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ደርግ ሊወድቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ጄኔቭ ዳር ኦኔ በምትባል ሰፈር ውስጥ፣ ከእነዚያ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ጥግ ላይ ፎየ የሚሉት የወጣት ስደተኞች ማደሪያ ነበር። ያለ ወላጅ የመጣን ልጆች ነን የምንኖርበት፤ የሚበዛው ሐበሻ፣ የቀረው ታሚል። ኮሪደሩ ሁልጊዜ በረኪናና የተቀቀለ ፓስታ ይሸታል፣ ማሞቂያዎቹ ላይ የሁላችንም ካልሲ ተሰልፎ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ከታች ፎቅ ያለው ዳቦ ቤት ሽታ በመስኮት ገብቶ ከካልሲው ጋር ይታገላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ካልሲው ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ያሳደገኝ ከትምህርት ቤት ይልቅ አውቶቡስ ተራ ስለነበር ስዊዘርላንድ ስገባ የያዝኩት ሀብት ሁለት ነው፤ ማንኛውም ነገር ሊሸጥ እንደሚችል ማወቅና ሲሸጥ ደግሞ ፊትን እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ።

ክፍል የተጋራሁት ከድር ከሚባል የደሴ ልጅ ጋር ነበር። ቀጭን፣ ግራኝ፣ ዝምተኛ ልጅ ሲሆን እጁ ግን አንድ ደቂቃ ዝም አይልም። ጉም የያዘው መስኮት ላይ በጣቱ ይስላል፣ ናፕኪን ላይ ይስላል፣ ዳቦው ላይ ቅቤ ሲቀባ እንኳ በቢላው ጫፍ የሆነ ሰውዬ ሠርቶ አይቶት ነው የሚገምጠው። በረመዳን እራቱን ሳህን ደፍቼበት ማሞቂያው ላይ የማቆይለት እኔ ነበርኩ፤ በእኛ ጾም ደግሞ የፎየው ኃላፊ፣ መዳም የምንላት፣ ትልልቅ ጉትቻ የምታንጠለጥል ደግ ሴት፣ ልጁ ታሟል ብላ ሐኪም እንዳትጠራብኝ እንቁላሌን ከጠረጴዛ ሥር ተቀብሎ የሚበላልኝ እሱ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ጠዋት ሦስት እንቁላል በልቶልኝ፣ በእኔ ጾም ምክንያት ሆዱን ታሞ ዋለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጓደኛዬ ነኝ ብሎኛል፤ በእኔ ጾም የታመመልኝ ግን የለም።

ኮሚኮቹን ያገኘኋቸው ከመንገድ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲለቅ ያልፈለገውን ዕቃ ደጃፍ ላይ አውጥቶ ይተዋል፤ አንድ ሽማግሌ ከጎረቤት ሕንጻ ሲለቁ ሙሉ ካርቶን ትተው ሄዱ። በሙሉ የወንጀል ታሪክ፣ በሙሉ ፈረንሳይኛ። ትምህርት ቤት የሚሰጡን መጽሐፍ «እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነው» እያለ ስንት ሳምንት ሲያንቀላፋ፣ እነዚህ ከመጀመሪያው ገጽ «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ይላሉ። ልጁ ሁሉ ቋንቋውን የለመደው ከእነሱ ነው። ሽፈራው የሚባል የጎንደር ልጅ፣ የቤቱ ቀልደኛ፣ ትራም ላይ ተቆጣጣሪ ቲኬት ሲጠይቀው «በሕይወት አትይዘኝም» ብሎ በጠራ ፈረንሳይኛ መለሰለት። ቲኬት ነበረው፤ የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሌላ አልነበረውም።

እኔ እነዚያን ኮሚኮች ማከራየት ጀመርኩ። ገንዘብ የያዘ ስላልነበረ ክፍያው በጽዳት ተራ ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ መዳም የለጠፈችው ሰሌዳ ነበር፤ ማን ወለል ይጠርጋል፣ ማን ደረጃ ያጥባል፣ ማን ሽንት ቤት ይፈትጋል። ኮሚክ የተከራየ ሰው የእኔን ተራ ይሠራልኛል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ወስደው ይጥሉብኝ፣ ላልተከራየ ያውሱብኝ ስለነበር አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ የእያንዳንዱን ኮሚክ የመጨረሻ ገጽ በምላጭ ቆርጬ ከጫማዬ ገበር ሥር ደበቅኩ። መጨረሻ የሌለውን ታሪክ ማን ይሰርቃል? አንብበው ሲጨርሱ ኮሚኩን ያስረክቡና ገጿን እፊቴ ቆመው ያያሉ። ሐሳቡ ጥበቃ ነበር። ግን አንድ ሳምንት ሳይሞላ ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ ሰው ለሙሉው ኮሚክ ከሚከፍለው ይልቅ ለዚያች ለአንዷ ገጽ የበለጠ ይከፍላል። ይህን የተረዳሁበት ቀን ነጋዴ የሆንኩበት ቀን ነው ብዬ ስንት ድግስ ላይ አውርቼ ሰው አስቄበታለሁ። እዚያ ድረስ ብቻ ነበር የማወራው።

ከሁሉ የበለጠች ይቺው ናት። ሌባው ስሙ ሌላ ነበር፣ እኛ ግን ጥቁር ጓንት እንለዋለን። የሐይቅ ዳር ሆቴሎችን የሚዘርፍ፣ ተይዞ የማያውቅ፣ ጢሙን አሳምሮ የሚቆርጥ ሌባ ነው። አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት የጌጥ ሣጥኗን ታቅፋ ሆቴል ትገባለች። ጆሮዋ አይሰማም፣ የክፍሏን በር አትቆልፍም፣ ሣጥኑንም መስኮት ሥር ታስቀምጠዋለች። ጥቁር ጓንት በጣሪያ ይገባል፣ ሣጥኑን ያነሳል፣ አሮጊቷ እንደተኛች ናት፤ ግን አርቲስቱ አንድ ዓይኗን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፈት አድርጎ ስሏታል። ሌባው ባቡር ላይ ይሳፈራል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሣጥኑን ይከፍታል። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ነው፤ የሌባው ፊት፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ላቡ ተንጠባጥቦ። ከዚያ የምላጬ መንገድ።

ፎየው ታመመ። እራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። ቦምብ ነው የሚል አለ፣ እባብ ነው የሚል አለ፣ ሽፈራው የሌባው የራሱ ሚስት ፎቶ ነው ብሎ ማለ። እኔ ዋጋ ሰቀልኩ።

«ታዴ፣ ስማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይሞታል አይሞትም?» ይለኛል ሽፈራው፣ ደረጃ ላይ ጠብቆ።

«የሁለት ቀን ወለል።»

«ሞተ በለኝና ልረፍ!»

«ወለልና ደረጃ።»

«አንተ ግን እናት ወልዳሃለች?»

«ሽንት ቤቱንም ጨምር።»

ጨመረ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የሚጮህ የጠረጴዛ ሰዓት ነው፤ አሮጊቷ ሞልታው ኖሯል፣ በጸጥታ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ያንባርቃል፣ ተሳፋሪው ይነቃል፣ ሌባው ይያዛል። ሽፈራው ይህን አይቶ «ለዚህ ነው ሽንት ቤት የፈተግሁት?» ብሎ አኮረፈ፤ ግን ለሌላው አልተናገረም፣ የከፈለበትን ነገር ማን በነጻ ይሰጣል።

ከድር ኮሚኩን ተከራየ፣ ገጿን ግን አልጠየቀም። ሲመልሳት መጨረሻ ነበራት። በራሱ እስክሪብቶ፣ በመዳም ሙጫ፣ የራሱን ገጽ ሠርቶ ለጥፎባታል። በእሱ ሥዕል ላይ ሌባው ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ስንቅ ነው፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በወረቀት ቁራጭ የተጠቀለለች ጨው። አሮጊቷ እንደሚመጣ አውቃ ኖሯል፣ ርቦትም እንደሚሄድ አውቃ ኖሯል። ሌባው መጀመሪያ ይናደዳል፣ ከዚያ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ እንቁላሉን ይልጣል። ቅርፊቱን በጥቁር ጓንቱ ውስጥ ሰብስቦ መስኮቱን ሲከፍት ይታያል። በመጨረሻው ሥዕል ባቡሩ ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆሟል፣ ሌባው ወርዶ ማዶ ያለው ሐዲድ ጋ፣ የመመለሻው ባቡር የሚመጣበት ጋ፣ ሣጥኑን ይዞ ቆሟል። አንድ ቃል የለበትም፤ የከድር ፈረንሳይኛ ለቃል አይደርስም ነበር።

ሽፈራው አየና ጮኸ። ልጁ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተኮለኮለ፣ ካልሲው መሃል፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ። እንቁላሉ ጋ ሲደርሱ ሳቁ፣ ጣቢያው ጋ ሲደርሱ መገፋፋቱን ተዉ። ሁላችንም የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው የቋጠረልንን ስንቅ መንገድ ላይ በልተን የመጣን ልጆች ነን፣ የመመለሻ ሐዲዱ ግን በየትኛው በኩል እንደሆነ ማናችንም አናውቅም ነበር። «ይሄ ነው እንጂ!» አለ ሽፈራው በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «ሰዓትህን እዚያው ሙላው!»

ተበለጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጾቼን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ለከድር ማከራየት አቆምኩ፤ እሱ ግን ትምህርት ቤት በዋልኩበት ከሻንጣዬ እያወጣ ለሌሎቹም መጨረሻ ይስልላቸው፣ እየመለሰ ያስቀምጣቸው ጀመር። የገዛ ሸቀጤ በየቀኑ ሙሉ እየሆነ ሻንጣዬ ውስጥ ይገባል። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ባልዲና ብሩሽ ይዤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ተንበረከክሁ፤ ሽፈራው በሩን ደገፍ ብሎ «እዚያች ጥግ ላይ ቀርቶሃል» ይለኛል።

አሁን ለማንም ወደማላወራው እደርሳለሁ። በዚያው ሰሞን መዳም ለከድር ቦታ አፈላልጋ ነበር። አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ የሱቅ መስታወት ላይ በብሩሽ ፊደል የሚጽፉ፤ ልጁን ለሙከራ አይተውት እጁን ወደውለታል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሥራው በሰው ሱቅ ውስጥ፣ በሰው ዕቃ መሃል ስለሆነ ፎየው ስለ ልጁ ቃሉን ይስጥ አሉ። በዚያን ጊዜ ሥልጠና የያዘ ልጅ ጄኔቭ ይቀራል፣ ያልያዘው ወደ ሌላ ካንቶን፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደማለት፣ ይላካል ይባል ነበር፤ ከድር ደግሞ ጄኔቭን የወደደው ከሐይቁ ይልቅ ለመስታወቶቿ ነው። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ የሽማግሌውን ብሩሽ አያያዝ በማንኪያ እያሳየኝ። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አላሰብኩትም ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አስቤው ነበር፤ ደረጃውን ስወርድ፣ መዳም ቢሮ በር ላይ፣ ከማንኳኳቴ በፊት አስቤው ነበር።

ገብቼ ሦስት ነገር ተናገርኩ። ዕቃዬ ጠፍቶ ነበር። ከድር ፍራሽ ሥር ተገኘ። ሳይጠይቀኝ ነው የወሰደው። አንድም ውሸት የለበትም፤ ከኮሚክ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ለዚህ ጉዳይ ልክ በቃኝ። መዳም ወጥታ ፍራሹን አነሳች፤ ሁለት ኮሚክ ሊደርቁ በሙጫቸው ተከፍተው ተኝተዋል። ከድርን ጠራችው። ሳያስፈቅድ ወስዶ እንደሆነ ጠየቀችው። «ዊ» አለ። ለምን አለችው።

ያኔ አየኝ። ስለተቆረጡት ገጾች አንድ ቃል ቢተነፍስ፣ ስለ ጽዳት ተራው ንግድ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ያን ቀን ከዚያ ክፍል አንገቱን ደፍቶ የሚወጣው እኔ ነበርኩ፤ መዳም የልጆች ጉልበት መሸጥን ከስርቆት አብልጣ ትጠላ ነበር። እሱም ያውቃል። ዓይኑ እኔ ላይ ብዙም አልቆየም። «ሥዕል ስለምወድ» አለ። ሥዕሎቹን አገላብጣ አየች፣ ያምራሉ አለች፣ ከልቧ አዘነች፣ ግን ቃሏን ለሽማግሌው መስጠት አልቻለችም። ቦታውን አንድ የፖርቱጋል ልጅ አገኘው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ወደ ዙሪክ የሚላኩት ልጆች ዝርዝር ሲመጣ የከድር ስም ነበረበት። ዕቃውን አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተ። አልሰደበኝም፣ ሰላምታም አልነሳኝም፤ አልጋውን አንጥፎ ከጨረሰ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ታዴ፣ ዋናዋን ገጽ እስቲ አሳየኝ። ምን እንደነበር ሳላውቅ አልሂድ።»

«ጣልኳት» አልኩት።

ቆሜባት ነበር። በግራ ጫማዬ ገበር ሥር፣ ተረከዜ ላይ። ካሳየሁት ያመንኩ መሰለኝ፤ ጥፋቴን በዓይኑ አይቶ የሚሄድ መሰለኝ። «እሺ» አለና ሄደ። ያንን ጫማ ሁለት ክረምት አደረግሁት፤ ገጿም ከእግሬ ላብ ጋር ቀስ በቀስ ብናኝ ሆና አለቀች። ኮሚኮቹን ፎየው ሲዘጋ ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ታሪክ የማንም ነጋዴ ታሪክ ነው። ምግብ ቤት ዕቃ አጠብኩ፣ ገበያ ላይ ቀበቶና ጃንጥላ ሸጥኩ፣ ትዳር ይዤ ወደ ዙሪክ ዞርኩ፣ ኦፕፊኮን ላይ የሐበሻ ዕቃ ሱቅ ከፈትኩ። ሐበሻ የት እንደሚኖር ለማወቅ ሱቅ መክፈት በቂ ነው፤ ስለዚህ ከድር ከሱቄ ብዙ በማይርቅ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ እንደሚሠራ፣ ቤቱም ዲቤንዶርፍ እንደሆነ ከዓመታት በፊት ነው ያወቅሁት። አንዳንዴ ጠዋት ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ አየው ነበር፤ ሸብቷል፣ ግን እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ባቡሩ ሲመጣ እሱ የገባበትን ፉርጎ አይቼ እኔ ሌላ ፉርጎ እገባለሁ። ስልክ የምነጋገር መስዬ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ለሌለበት ስልክ «እሺ፣ እሺ፣ ነገ ይደርሳል» ስል ኖሬያለሁ።

ኮሚኳን በገዛሁ ማግስት፣ እሑድ፣ ዲቤንዶርፍ ሄድኩ። ያለ ሒሳብ አልሄድኩም፤ ስጦታ ይዞ በር ያንኳኳን ሰው ማንም አያባርርም፣ ያውም የገዛ እጁን ሥራ ይዞለት የመጣን ሰው። ኮሚኳን በጥሩ ወረቀት ጠቀለልኳት። የምናገረውንም መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፤ ልጅ ነበርን እላለሁ፣ ይቅር በለኝ እላለሁ፣ ያለቅሳል ወይም አለቅሳለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን።

በሩን ራሱ ከፈተ። ብዙ አየኝ።

«ይግቡ» አለኝ። አንቱ አለኝ፣ እንቁላሌን የበላልኝ ሰው።

ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሥዕል የለም። ሰሚራ የምትባል የአሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ ተጋድማ ነበር፤ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ሻይ ቀዳልኝ። ስለ ሱቁ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ጠየቀኝ፣ በትክክለኛው ቦታ ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት፤ የሆቴሉ አንሶላና ፎጣ ክፍል ኃላፊ ነኝ አለ።

«አሁንም ትስላለህ?» አልኩት።

«የጎደለ ፎጣ ቁጥር እጽፋለሁ» አለ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየሁ፤ ፊቱ ምንም አይልም። አውቶቡስ ተራ ያላደገ ሰው ፊቱን እንዲህ ይይዛል ብዬ አላስብም ነበር።

ጥቅሉን ሰጠሁት። ወረቀቱን ሳይቀድ ፈታው። ሽፋኗን አየ፣ ከዚያ ቀጥታ መጨረሻዋን ገለጠ፣ እዚያም ቆየ። ሰሚራ በትከሻው ላይ ጎንበስ አለች።

«ባባ፣ ይሄ ምንድነው? ቫርት፣ ቫርት፣ ቆይ፣ አንተ ነህ የሳልከው? እኔ አላምንም!» ስልኳን ጣለች። «እንቁላል ሰጠችው? ለሌባው? ዮ፣ ዙስ! እንዴት ደስ ይላል! ባባ፣ አንተ እኮ አንድ ቀን ለእኔ ሥዕል አልሳልክም!»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ» አላት።

«ዋናው እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«እኔ አላየሁትም። እሳቸው ያውቃሉ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ነገርኳት፤ የሚጮህ ሰዓት መሆኑን፣ ተሳፋሪው መንቃቱን፣ ሌባው መያዙን። ከድር ወደ ሥዕሉ እያየ ያዳምጣል። «ሰዓት» አለ ቀስ ብሎ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠበቀውን ነገር ዐወቀ። «የባባ ይበልጣል» አለች ሰሚራ።

ያኔ ጊዜው መሰለኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ከድር፣ ያኔ መዳም ዘንድ ገብቼ...»

እጁን አነሳ፣ በቀስታ፣ ትራፊክ እንደሚያቆም ሰው።

«በስንት ገዙት?» አለኝ።

ስጦታ ነው ማለት ነበረብኝ። ስጦታ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ለመናገር ከኦፕፊኮን የመጣሁ ሰው ነኝ። ግን በስንት ገዛኸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ ሚስቴን ጨምሮ፣ እውነተኛውን ቁጥር ከእኔ ሰምቶ አያውቅም፤ አፌ ሳያስፈቅደኝ የለመደውን ሠራ።

«ሃያ» አለ አፌ።

አልተከራከረም። የኪስ ቦርሳውን አወጣ፣ ቀይዋን ሃያ ፍራንክ አንድ ጊዜ አጥፎ ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠ። ሰሚራ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ እዚህ የተወለደች ልጅ ብትሆንም አንድ ነገር እንደተደረገ ገብቷታል። እኛ ዘንድ ሰው ቤትህ ይዞት ለገባው ነገር አይከፈልም። ጠላትህ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ቢመጣ እንኳ ተቀብለህ ታስቀምጣለህ፣ አንድ ቀን አንተም ይዘህ ትሄዳለህ፣ ነገሩ እንደዚያ እየተንከባለለ ይኖራል። የከፈለ ሰው ግን ዘግቷል። ምስጋና የለብኝም፣ ቂምም የለብኝም፣ ደጅህም አልመጣም ማለቱ ነው፤ ይህን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከደንበኛ ጋር የኖርኩበት ስለሆነ ማንም እንዲተረጉምልኝ አላስፈለገኝም።

ብሩን መልሼ መግፋት እችል ነበር። በስምንት ነው የገዛሁት፣ ዋሸሁህ፣ ያኔም እንደዚሁ ነው ማለት እችል ነበር፤ አሁን ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ ሊረዳኝ የሚችል ቃል ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። እጄ ግን ብሩን አንስቶ ኪሴ ከተተ፣ ልክ ባንኮኒው ጋ እንደቆምኩ ሁሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቴንም ሰማሁት።

እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ። «በሰላም ይግቡ፣ ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ» አለኝ። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ከቤታቸው የሰሚራ ድምፅ ይሰማል፣ እየሳቀች፣ ሌላ ገጽ እንዲስልላት እየለመነችው ይመስለኛል፤ እሱ ምን እንደመለሰላት ግን ሊፍቱ ስለወረደ አልሰማሁም።

ሰው ስንት ነገር እንዳጣ የሚያውቀው ዋጋውን ሲያውቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የዚያን ልጅ ዋጋ የማውቅ ሰው ነበርኩ፣ ከማንም በላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የኖርነው። የሱቅ መስታወት ላይ የሚጽፍ ከድር የሚባል ሰው ጄኔቭ ውስጥ የለም። አብሮኝ ያረጀ፣ ልጆቼ ጋሼ ከድር የሚሉት፣ በእኔ ላይ የሚቀልድ፣ በዓሌ ላይ የሚመጣ፣ በዓሉ ላይ የምሄድበት ሰው የለም። ያደረግሁትን ለዚህ ሁሉ ዘመን ያወቀው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እስካሁን ለማንም አልተናገረም፤ ከእንግዲህም አይናገርም፣ ምክንያቱም ከፍሎ ጨርሷል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ሃያዋን ካዝናው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳት። ወጪ ስምንት፣ ገቢ ሃያ። አሥራ ሁለት ፍራንክ አትርፌያለሁ።